መሄድና መመላለስ

ሰዓቱ ጢጥ ሲል ሲግነ ብዕሯን አንስታ ወደ ድቧ፣ ወደ ቲራ አየች። የዩትላንድ ምድር ካፊያ የልጅቷ አንገት ሥር እየገባ ነው።

ቲራ ከግንቡ ጥግ እስከ በሩ ሄደች፤ አንገቷን በግራ አዙራ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። የምትረግጠው የራሷኑ ዱካ ነው። በዚያ መስመር ላይ ሣር ከበቀለ ዓመታት አልፈዋል።

ሲግነ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ለአንድ ሳምንት ሥራ ልትለማመድ ወደ ዱር እንስሳት ማቆያው የመጣችው ሰኞ ነበር። የተሰጣት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ በየደቂቃው ሰዓቱ ሲጮህ ድቧ የምታደርገውን በአንድ ፊደል መጻፍ። ከተኛች «ተ»፣ ከበላች «በ»፣ ከሄደች «ሄ»። በአንድ መስመር ከሦስት ጊዜ በላይ ከተመላለሰች ግን «ም» ነው፣ ምልልስ። ምልልስ የጭንቀት ምልክት ነው። ነገ ዓርብ የእንስሳት ሐኪሟ ቅጾቹን ታያለች። «ም» ከበዛ ቲራን በመርፌ እስከወዲያኛው ታሳርፋት ይሆናል፤ ሌላ ቦታ እንዳትወሰድ አርጅታለች።

ይህን የነገራት ድቧን ከግልገልነቷ ጀምሮ በጡጦ ያሳደጋት ሽማግሌው ተንከባካቢ ፕሬበን ነው። ድሮም መንሸራሸር ትወዳለች ብሏት ነበር። ሲግነም አንጀቷን ስለበላት ሦስት ቀን ሙሉ በ«ም» ፋንታ «ሄ» ስትጽፍ ሰነበተች። እያወቀች ነው የጻፈችው፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ፕሬበን በባልዲ ፖም ይዞ መጣና በአጥሩ ላይ ለድቧ ወረወረላት። አንዱ ቲራ እግር ሥር ወደቀ። ረግጣው አለፈች።

ሰዓቱ ጮኸ። ሲግነ «ም» ብላ ጻፈች።

ፕሬበን ጎንበስ ብሎ አየ። «ምን ሆነሻል? መርፌውን ልታስመዝዢባት ነው እንዴ?»

«የማየውን ነው የምጽፈው፣ ፕሬበን። ፖሙን እንኳ ልብ አላለችውም።»

ባልዲውን አስቀመጠ። «ሰኞም እንዲህ ነበረች?» አላት።

«ነበረች። አንተም አይተሃል።»

ፕሬበን እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሲግነንም አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ግን የሰኞን ቅጽ አወጣች። የመጀመሪያውን «ሄ» በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ «ም» ጻፈች፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

ሰዓቱ እንደገና ሲጮህ ገና በቅጹ ላይ አቀርቅራ ነበር።

«ምልልስ» አላት ፕሬበን፣ ዓይኑን ከድቧ ሳያነሳ። «ጻፊው።»