የትንሿ ክፍል መቃን

ባሌ ከቤት በወጣ በሰባተኛው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ። ቁልፉን ሊመልስልኝና ትንሿ ክፍል ውስጥ የቀሩትን የአናጢነት መሣሪያዎቹን ሊወስድ ነው የመጣው።

«ቁልፍ ይዘህ ታንኳኳለህ እንዴ?»

«ምን ላድርግ? እንግዳ ነኛ!» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ከስቷል። አንጀቴን በላው፤ ግን ዝም አልኩ። የለያየንም ይኸው ዝምታ ነው። ስምንት ዓመት ልጅ ስንጠብቅ ያልረገጥነው ሐኪም ቤት የለም። በመጨረሻ ሐኪሟ ተስፋ እንደሌለን ስትነግረን እሱ ትንፍሽ አላለም። እኔም «ለአንተማ ምንህም አይደል» አልኩት። በማግስቱ ልብሱን ሸክፎ ወርክሾፑ ገባ።

ትንሿን ክፍል የሠራት በተጋባን ዓመት፣ ለልጃችን ብሎ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ዘግቻታለሁ። የስፌት መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ግን ከግድግዳው ወዲያ ትንንሽ እግሮች ባዶ ወለል ላይ ሲራመዱ ይሰማኛል። አበደች እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም።

በሩን ከፍቶ መቃኑ ላይ የተደገፉትን ጣውላዎች ሲያነሳ፣ ከኋላቸው የእርሳስ መስመሮች አየሁ። ከጉልበቴ በላይ ይጀምራሉ፤ ስድስት ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን ዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ፊቱን አዞረ። «አናጢ አይደለሁ? ሳልለካ አይሆንልኝም። ብትወለድ ኖሮ ዘንድሮ ይህን ታህል ነበር እያልኩ… በየዓመቱ።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

መኝታ ቤት ገብቼ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንዲት ቢጫ ቀሚስ አወጣሁ። ድሮ ስሰፋት ሰፋ አድርጌ፣ ጫፏን ደጋግሜ አጥፌ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ፣ አንድ አንድ እጥፋት እየፈታሁ አስረዘምኳት። እንዳይከፋው ብዬ ደበቅኩ፤ እሱም እንዳይከፋኝ ብሎ ጣውላ አስደገፈበት። ሁለት ሞኞች!

ቀሚሷን መቃኑ ላይ አስጠጋኋት፤ ጫፏን በልጅ ጉልበት ልክ። ከአንገትጌዋ እስከ መጨረሻው መስመር የቀረው ቦታ የአንዲት ልጅ ፊት ያህል ብቻ ነበር።

ሁለታችንም ቆመን አለቀስን።

«ዘንድሮ አልለካኋትም» አለ። «አልነበርኩማ።»

«የኔም እጥፋት አልቋል። ከዚህ ወዲያ የምፈታው የለኝም።»

«እንግዲህ እዚህ ላይ ትቅር?»

«ትቅር።» መልሱን ፈራሁት፤ ግን ጠየቅኩ። «አንተስ?»

መሣሪያዎቹን ባሉበት ተዋቸው። ሊመልስልኝ ያመጣውን ቁልፍም ኪሱ ውስጥ አስቀረው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን በር ዘግተነው አናውቅም። እግሮቹ ዛሬም ይሰሙኛል፤ አሁን ግን ሲራመዱ እሱም ቀና ይላል።