ካንገት የወረደ ቢላ

ጦርነቱ በተነሣ በሦስተኛው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ባባራ በዐሥረኛው ቀን ማለዳ፣ በገዥው ግቢ የጽሕፈት ቤቱ መስኮቶች ገና አልተከፈቱም ነበር፤ ጭቃው ግን ከወዲሁ በፈረስ ኮቴ ተቦክቶ፣ መልእክተኛው ከግንባር ያመጣው ወሬ ከበር ወደ በር ይተላለፍ ነበር። በድልድዩ በኩል በምስጢር እንዲሻገር የታሰበውን ጦር ጠላት ቀድሞ አድፍጦ ጠብቆት፣ ከሦስት መቶ የሚበልጥ ሰው ወንዙ ዳር ወድቋል። መሻገሪያውንና ቀኑን የሚናገረውን ደብዳቤ ከጻፈው የጦር አዛዥና ከተጻፈላቸው ገዥ በቀር ያየው የለም ሲባል ቆይቶ፣ የዚያን ዕለት ሁሉም አንድ ሰው ትዝ አለው።

ሰውየው ማኅተም ፈቺው ነው። ሥራው ለገዥው የሚመጣውን ደብዳቤ በፊታቸው ቆሞ፣ የታተመበትን ሰም በቢላ አንሥቶ መክፈት ነበር። ሙያውን ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት ተምሮ ሲመለስ፣ ጣት የምታህል ቢላ በቆዳ ሰገባ ከትቶ፣ በጠፍር ካንገቱ አንጠልጥሎ መጣ፤ የግቢው ሰውም ውሎ ሳያድር “ቢላ ባንገቱ” ብሎ ሰየመው።

ሚስቱ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች ሳለ እጇ ጠፍሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ዛሬ እንኳ አውልቀው” አለችው።

“ዛሬ ካወለቅሁትማ ‘ደበቀው’ ይሉኛል።”

“ይበሉዋ! በግ እንኳ የሚታረድበትን ቢላ ራሱ አንጠልጥሎ አይዞርም።”

“ወገቤ ላይ ላድርገው? በገዥው ፊት እጁን ወደ ወገቡ የሰደደ ሰው፣ ቢላው ሳይወጣ የዘብ ጦር ጎኑ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ብተወው ያገኘው ያነሣዋል። ደረቴ ላይ ሲሆን ሁለት እጄ ለደብዳቤው ይተርፋል፤ ስለቱም ከገላዬ ሙቀት ይወስድና ሰሙን ሳይሰብር ያነሣዋል። ደግሞ ሁሉም ያየዋል፤ የሚታይ ነገር አይጠረጠርም።”

“ጎሽ፣ ተምረሃል! አንዱ ከኋላህ መጥቶ ጠፍሩን ቢጠመዝዝብህስ? የሚታይ ነገር አይጠረጠርም ያለህስ ማነው? በቀደም የመጋረጃዬ ገመድ ተቆርጦ ባገኘው፣ እኔ ሚስትህ እንኳ መጀመሪያ ያየሁት አንገትህን ነው። አይጥ ነበረች!”

ፈገግ ብሎ ወደ ግቢው አመራ። ለእሷም ያልነገራት ነገር ነበረው።

ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ያንን ደብዳቤ በገዥው ፊት ሲከፍት፣ ሰሙ እንደ ደረቀ የቁስል ቅርፊት ያለ ትግል ለቀቀ፤ ቢገለብጠው ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ የጥላሸት መስመር አየ። ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በሻማ የጋለ ስለት ሰድዶ ከፍቶት፣ መልሶ ለጥፎታል። ለመናገር ቀና ሲል ዐይኑ ከጽሕፈት ቤቱ አለቃ ዐይን ጋር ተጋጠመ። አለቃው የገዥው ሚስት ወንድም ናቸው፤ ደብዳቤ የሚያድርበት ሣጥን ቁልፍም ከእሳቸው ኪስ አይወጣም። ‘ተከፍቶ ነበር ብል፣ አከፋፈቱን አንተ በምን አወቅህ ይሉኛል’ ብሎ አሰበ፤ አሰበና ዝም አለ፤ ማኅተሙንም እንደ ልማዱ ከደብዳቤው ጀርባ ለጥፎ ወደ መዝገብ ቤት ሰደደው።

አሁን በግቢው በር ላይ ሽማግሌው በረኛ ቆመዋል። ወትሮ “ቢላ ባንገቱ፣ ዛሬስ ማንን ልታርድ ነው?” ሳይሉ አያሳልፉትም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቢላውን አዩ፤ ቀኝ እጁን አዩ፤ ዞር አሉ። ቀልድ የለመደ ሰው ዝም ሲል፣ ነገር ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጸሐፊዎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው እርስ በርስ ላለመተያየት መሬት መሬት ያዩ ነበር።

“ጌታዬ” አሉ አለቃው፣ እጃቸውን አጣምረው፤ “ነገር ማብዛት አያሻም። ሰም ያለ ስለት አይነሣም፤ ስለት ይዞ ወደ እርስዎ እንዲቀርብ የተፈቀደለት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሰባት ዓመት ሙሉ የት እንደ ዋለ፣ ከማን ጋር እንደ በላ የምናውቀው ከገዛ አፉ ነው።”

ገዥው ወደ ማኅተም ፈቺው ዞሩ። “ደብዳቤ የሰረቀ ሰው ቅጣቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ ጌታዬ። ቀኝ እጁ ነው።”

ጥላሸቱን ቢያሳይ እጁ ይተርፋል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀው ነበር።

“ጌታዬ፣ ያ ደብዳቤ ይምጣልኝ። ሌላ እኔ የከፈትሁትም አንድ አብሮ ይምጣ።”

መጣ። ሁለቱን ማኅተሞች ከወረቀቱ አላቅቆ በጀርባቸው አስቀመጣቸው፤ አንዱ ንጹሕ ነው፤ በሌላው ላይ ጥቁሩ መስመር ተጋድሟል። ገዥው በጣታቸው ቢያሹት ጣታቸው ጠቆረ።

“የእኔ ቢላ የሚሞቀው በገላዬ ነው” አለ። “ገላ ጥላሸት የለውም።”

“ጥላሸት የሌለበት ቤት የታለ!” አሉ አለቃው፣ ሳቅ ብለው። “እኔ እንደሆንሁ ስለት አልይዝም።”

“የብርዕ መቅረጫዎስ፣ አለቃ? ከግራ እጅጌዎ ተለይቶዎት አያውቅም።”

ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሳያስቡት የየራሳቸውን እጅጌ ዳሰሱ። እያንዳንዱ አንድ አለው፤ አንዱም ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቢላ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

“ያውጡት” አሉ ገዥው።

አለቃው አላወጡም፤ ዘቡ አወጣው። ስለቱ በሚገባ ተወልውሏል፤ ይሁን እንጂ እሳት ደጋግሞ የላሰው ብረት ቢወለውሉትም አይሽርምና፣ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ገዥው ያንን ጫፍ ብዙ ጊዜ አዩት። ቀና ሲሉ ግን የተናገሩት ለአለቃው አልነበረም።

“ጥላሸቱን መቼ አየኸው?”

“የዚያኑ ዕለት፣ ጌታዬ።”

“ጦሩ የተሻገረው ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። ፈረሰኛ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር።”

“አዎን፣ ጌታዬ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልህ?”

“ፈራሁ። ቢላው በእኔ አንገት ነበር።”

ማኅተም ፈቺው፣ ሳይታዘዝ፣ ጠፍሩን በራሱ ላይ አውልቆ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጁ ተርፎለታል፤ ግን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

አለቃው “ጤናቸው ታውኳል” ተብሎ በዚያው ሳምንት ወደ ርስታቸው ተሸኙ፤ የእህታቸው እንባ ከሕጉ በልጧል። ማኅተም ፈቺው ከሥራው ተሰናበተ። ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ አስቀድማ እጁን፣ ቀጥላም ባዶ አንገቱን አየች፤ ጠፍሩ የነበረበት ቦታ እንደ ጠባሳ ነጥቶ ነበር። “ተመስገን” አለች። እሱ ግን ተመስገን ለማለት አፉ አልታዘዘለትም፤ ከዚያም በኋላ ቁስለኞች በጋሪ ባለፉ ቁጥር እጁ ወደ ደረቱ ይሄድና ምንም ሳይጨብጥ ይመለስ ነበር።

የዚያ ዘመን መዝገብ ስለ ነገሩ የያዘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ “በዚህ ዓመት፣ ብዙ ጥፋት ስላመጣ፣ ቢላ ባንገት ማንጠልጠል በአዋጅ ተከለከለ” ይላል። ስለ ሻማውም ሆነ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቀን ዝምታ አንድ ቃል የለበትም። መስመሩ ግን በጥሩ እጅ ተጽፏል፤ ጸሐፊው ከመጀመሩ በፊት መቅረጫውን ከእጅጌው አውጥቶ፣ ብርዑን በሚገባ ቀርጾ ነበር።