ማንጠግቦሽ የሌለችበት ገበታ

ማንጠግቦሽ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ለምሳ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የአባቷን የሥዕል ክፍል በር ገፋ ታደርጋለች። የደብረ ታቦር ክረምት ጠንክሮ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል፤ ክፍሉ ውስጥ የእርጥብ ጭቃ፣ የሙጫና የቀለም ሽታ ተቀላቅሎ ይተኛል። አባቷ አጉማስ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሰፊ አቡጀዲ ፊት ይቀመጣል።

"ምሳ ላቅርብ አባዬ?"

"አልራበኝም፤ አንቺ ብዪ።"

እናቷ ዝማምና ታናሽ ወንድሟ ደምለው ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ሲሄዱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ገደል ገባ። ማንጠግቦሽም አብራቸው ልትሄድ ነበር፤ በሥራዋ የሚተካት ሰው ጠፍቶ ቀረች። አጉማስ ከቀብሩ በኋላ ለወራት ብሩሽ አልነካም። ዕድሜውን ሙሉ መላእክትንና ቅዱሳንን ሲሥል የኖረ ሰው፣ ወደ ሥራው ሲመለስ አንድ ሥዕል ብቻ ያዘ፦ በአንድ መሶብ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ። ዝማም አለች፣ ደምለው አለ፣ መሃላቸው እሱ ራሱ አለ። ዓይኖቻቸው እንደ ጥንቱ ሥዕል ትልልቅ ናቸው። የዝማም እጅ ጉርሻ ይዞ ወደ ባሏ አፍ ተዘርግቷል።

"እኔስ የት አለሁ?" ብላ ጠየቀችው ያኔ።

"አንቺ እዚህ አትገቢም።"

ምክንያቱን አልነገራትም። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ ነገሩ ግን ውስጧ ቀረ። ማታ ማታ ትራሷ ላይ ሆና፣ እነሱ ሦስቱ ተሰብስበው እሷ ብቻ ውጭ የቀረች እየመሰላት ታለቅሳለች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። አንድ ቀን በሩን ስትገፋ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከሥዕሉ ክፍል የዶሮ ወጥ ሽታ ተቀበላት፤ እናቷ ብቻ እንደምታደርገው ኮረሪማ የበዛበት።

"ምን በላህ አባዬ?"

"እናትሽ አጎረሰችኝ" አላት፣ ጎረቤት ቡና ጠራኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከግድግዳው በኩል ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል የማላመጥ ድምፅ ይሰማታል፤ ጆሮዋን ስታቀና ይቆማል፤ ሥራዋን ስትጀምር ይቀጥላል። አባቷ እየከሳ ሄደ። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ እንደ ልጅ አንገት ቀጠነ፣ ያም ሆኖ ምግብ ስታቀርብለት "ጠግቤያለሁ" ይላል።

በአባቷ ሙያ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አንድ ጠዋት ግን ሥዕሉ ላይ ደምለውን በጎን ዞሮ አገኘችው። ያቺ አንድ ዓይኑ እሷ ወደቆመችበት ወደ በሩ ታያለች። አጉማስ በቀጭን ብሩሽ ሁለተኛውን ዓይን ይመልስለታል። በማግስቱ የዞረችው ዝማም ነበረች። ጉርሻ የያዘው እጇ የባሏን አፍ አልፎ፣ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

"ለምንድን ነው የምትቀያይረው? አንተው ሠርተኸው አንተው ታበላሸዋለህ!"

"እኔ አልቀየርኩም" አለ፣ ሳይዞር። "እኔ መላሽ ነኝ።"

ሐዘኑ አእምሮውን እንደነካው ገመተች። ጸበል እንሂድ ብትለው እምቢ አለ። ከክፍሉ መውጣቱን እንኳ ፈራ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ለምናው፣ አልቅሳ፣ ለቅዳሴ ላከችው። እግሩ ከግቢው እንደወጣ የአባቷን ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ገባች። መጀመሪያ የአባቷን ምስል አጠፋች፤ ቀጥሎ የደምለውን። የእናቷን ፊት ለመጨረሻ አቆየችው። ብሩሹ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ፣ ጨርቁ እንደ ሥጋ ለስልሶ ወደ ውስጥ ሰረጎደላት፤ ጣቶቿ ላይ የሞቀ ትንፋሽ አረፈ።

"ይቅር በይኝ እማዬ" አለች እንባዋን እየዋጠች። "እሱን ብቻ ተዪልኝ።"

አጉማስ ተመልሶ ነጩን ጨርቅ ባየ ጊዜ አልጮኸም። ነጠላውን እንዳጣፋ ሳሎን ሄዶ ተቀመጠ። ምግብ ስታቀርብ በላ። በእጇ ስታጎርሰው አፉን ከፈተላት፣ ጉንጩ እንባ በእንባ ሆኖ። ማንጠግቦሽ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። አባቴ ተመለሰልኝ አለች በልቧ።

ዝናቡ በድንገት ቆመ። በጸጥታው ውስጥ፣ ከሥዕሉ ክፍል፣ ሰው ከገበታ ሲነሳ የሚሰማው የልብስ መንሿሿት ተሰማ። ቀጥሎ እርጥብ እግሮች፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል፤ በጭቃው ወለል ላይ ቀስ እያሉ መጥተው ከሳሎኑ በር መጋረጃ ወዲያ ቆሙ። ኮረሪማ ሸተተ። የመጋረጃው ጫፍ እንደ መነቃነቅ አለ።

"አባዬ!" ብላ ተጠመጠመችበት። "አንተን ሊወስዱህ መጡ!"

አጉማስ ራሷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ሕፃን ሳለች እንደሚያደርገው ጸጉሯን ዳበሰ።

"እኔንማ አግኝተውኝ ነበር ልጄ" አላት። "አብሬያቸው የተቀመጥኩት፣ አንቺን ፍለጋ እንዳይነሱ ብዬ ነው።"