ሩብ ማንኪያ

«ሩብ ማንኪያ ነው አልኩህ እኮ! ሩብ ማንኪያ ሰው ይገድላል?»

«ስንት ጊዜ ሰጠሽው? እሱን ንገሪኝ!»

አባትየው የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆሞ ታላቅ እህቱ ላይ ይጮኻል። ልብስ ሰፊ ናት፤ አራሷን ልታግዝ መጥታ ነው።

«ሦስት ጊዜ» አለች በመጨረሻ።

ከጥቂት ቀናት በፊት የስምንት ቀኑ ጨቅላ አፍንጫው ታፍኖ ከጠዋት ጀምሮ ሲነጫነጭ ነበር። እሷም ለራሷ ሳል ታዞላት የተረፈውን ሽሮፕ ከቦርሳዋ አወጣች። አራሷ «እትዬ፣ ሐኪም ቢያየው አይሻልም?» ብላ ነበር።

«አርፈሽ ተኚ! ሃያ ዓመት ሙሉ የትልቅ ሰው ልብስ ለልጅ ልክ ሳሳንስ ኖሬ ሽሮፕ ማሳነስ ያቅተኛል?»

አራሷ ሳቀች። ልጁም ዝም ብሎ ተኛ። አባትየው ራሱ «እጅሽ ይባረክ» አላት። በማግስቱ ደገመች፤ ሠለሰችም። ከዚያ በኋላ ጨቅላው ለጡት አልነቃ አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ትንፋሹ እየቆየ ይቋረጥ ጀመር። ይዘውት ወደ ሆስፒታል ሮጡ።

«እናቴ፣ የጨቅላ ጉበት የእርስዎ ጉበት አንሶ የተሰፋ አይደለም» አለቻት ነርሷ። «መድኃኒት የመሰባበር አቅሙ ገና አልጠነከረም። ከእርስዎ ሰውነት በሰዓታት የሚወጣው እሱ ውስጥ ብዙ ይቆያል። የመጀመሪያው ሳይወጣ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሳይወጣ ሦስተኛው ተደረበበት።»

«ማን ነገረኝ?»

«ማንን ጠየቁ?»

ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሱን አውጥታ ለነርሷ ሰጠቻት። አባትየውም ጩኸቱን ተወ፤ ያን ዕለት ማን እንደመረቃት ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ይህች ሴት ልጁን ጠልታ አይደለም። ከሕመም የተረፈ መድኃኒት በየመሳቢያችን የምናስቀምጥ እኛም ብንሆን ያው ነን። መጠን መቀነስ ብልሃት ይመስለናል፤ ለጨቅላ ግን የትኛው መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። እሷ ይህን ያወቀችው ከረፈደ ነው። ትንፋሹ የተቋረጠባቸው ደቂቃዎች አንጎሉን ጎድተውት ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቃቸውም፦ «ሲያድግ ነው የምናውቀው።»

ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ጨቅላው ዓይኑን ገለጠ። አራሷ «ጡት ያዘ! ጡት ያዘ!» ስትል አባትየው ሮጦ ገባ፤ ነርሷም ተከተለችው፤ ሁሉም አልጋው ላይ አጎነበሱ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ድረስ መጣች፤ ጥቂት ቆማ የመምጠጡን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንሥታ፣ ነጠላ ጫማዋ እንዳይሰማ ቀስ እያለች፣ ደረጃውን ወረደች።