የአቶ ወዳጆ ዳዊት

አቶ ወዳጆ ራቤል ከተማ አጠገብ ካለው ቤታቸው ሥር፣ ገደሉ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ቤታቸው ውስጥ፣ መደቡ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች ወረቀት ነበረች፦ «ገመናዬን ለስንታየሁ ነገርኩት። ከእንግዲህ በሰው ፊት መቆም አልችልም።»

ስንታየሁ ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አስተማሪነቱን ትቶ፣ ሰው በምን እንደሚያፍር በራሱ ወጪ የሚያጠና የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ የለው፣ ደብዳቤ የለው፣ ማህተም የለው! ሁለት ዓመት ሙሉ «ማን ላከህ?» ሲሉት «ራሴ» እያለ ሲሳቅበት ኖሯል። አሁን ደግሞ ነፍስ አጠፋ ተባለ።

ከወረዳው ፖሊስ የመጣችው ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። በሞቱበት ጠዋት ቤታቸው የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አጣራች፤ አቶ ወዳጆ ያሳደጓት ጽናት፣ የወንድማቸው ልጅ ዳኜ፣ እና ስንታየሁ።

«ምንድን ነው የነገሩህ?» አለችው።

«አልናገርም። ቃል ገብቻለሁ።»

«የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅሃል?»

«ማንም። ቃሉን የሰጠሁት ለእሳቸው ነው።»

«እንግዲያው ተነሥ፣ ጣቢያ እንሂድ።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እሱ ግን ካቴናውን ስታወጣ ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ማንበብ አይችሉም!» አለ። «መጻፍም አይችሉም። ዳዊት የሚደግሙት በቃላቸው ነው፤ ገጹን የሚገልጡት ለሰው ዓይን ነው። ከጽናትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ተናግሮ ሳይጨርስ ፊቱ በእፍረት ነደደ። ሰውዬው እያለቀሱ የነገሩትን ምሥጢር አምስት ደቂቃ እንኳ መያዝ አቃተው።

«ራስህን ለማዳን የተናገርከው ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አለች ጥሩሸዋ፣ ካቴናውን እየመለሰች። «ማስረጃ እፈልጋለሁ።»

ጽናትን ጠየቀቻት። «አባትሽ መጻፍ ያዘወትሩ ነበር?»

ልጅቱ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «እኔ እንጃ» ብቻ አለች።

ዳኜ ግን አፉ አልተያዘም። «አጎቴ እኮ ሊቅ ነበሩ! ዳዊት ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም።»

«ወረቀቱስ? የእጅ ጽሑፋቸው ነው?»

«ይጠፋኛል እንዴ! ስንቴ ሲጽፉ አይቻቸዋለሁ!»

ጥሩሸዋ ብድግ አለች። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የመጽሐፍ ማኅደር አወረደች።

ከቀብር በኋላ ሦስቱንም፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና ቄሱን ሰበሰበች። መጽሐፉን ለቄሱ ሰጠቻቸው።

«የአቶ ወዳጆ ዳዊት ነው። እስቲ ያንብቡልን።»

ቄሱ ገለጥ አደረጉና ክው አሉ። «ምን ጉድ ነው! ይኼ ድርሳነ ሚካኤል ነው!»

ጥሩሸዋ ቀጠለች፦ «ከዘመሮ ገበያ እንደገዙት ሰፈሩ ያውቃል፤ ዳዊት ነው ብለው ሸጡላቸው። ከእጃቸው ስለማያወጡት ማንም አላየውም። ሠላሳ ዓመት ዳዊት ደገሙበት። ማንበብ የሚችል ሰው ሠላሳ ዓመት ይሳሳታል?»

ጽናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ በሰውዬው ስንቱን ነገር ሲያስዳኙ ኖረዋላ።

«ወረቀቷን እሳቸው አልጻፏትም» አለች ጥሩሸዋ። «የጻፈው መጻፍ ይችላሉ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጽናት አይደለችም፤ ስጠይቃት የአባቷን ገመና ስትሸፍን አይቻለሁ። ስንታየሁም አይደለም፤ ገመናቸውን የነገሩት ለእሱ ነው። ዳኜ፣ አንተ ግን ‹ገመናዬን ነገርኩህ› ሲሉት ከደጅ ሰማህ እንጂ ገመናው ምን እንደሆነ አላወቅህም። ስንቴ ነበር ሲጽፉ ያየሃቸው?»

ዳኜ ላብ አጠመቀው። «የሥጋ ዘመዳቸው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «መሬቱን ለዚች ባዳ ሊያወርሱ ነበር! ገፋ ነው ያደረግኋቸው… ገፋ ብቻ!»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ኢንስፔክተር» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «ይህን ገመና ማን ነገረሽ?»

«ማንም። መጽሐፉ ነው የነገረኝ።»

ስንታየሁ ደነገጠ። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷን አዞረች።

ሰዉ ሲበተን ጽናት መጥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «አባባ ‹ይኼ ልጅ አደራ አይበላም› ይሉኝ ነበር። ይኸው፣ ሊያስሩህ ሲመጡ እንኳ አፍህን አልከፈትክም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። 

«አሜን» አላት፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።