ከመስኮቱ በኩል የታየው ሸለቆ

ጋሼ ካርታ የሞቱት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ መስኮቱ ተዘርግቷል። እጃቸው በማይደርስበት የመስኮቱ ደፍ ላይ የልብ ኪኒናቸው ብልቃጥ ቆሟል፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

መርማሪዋ አጭር፣ ምላሰኛ ሴትዮ ናት። ብልቃጡን አይታ «መነሳት ያቃተው ሰው በምን እጁ ከፈተው?» አለች።

ሟቹ የማርስ ካርታ የሚሠራው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የደረቁ የወንዝ ሸለቆዎችንና ከሰማይ የወረደ አለት የቆፈራቸውን ጉድጓዶች ከፎቶ እየለዩ ሲስሉ ነው ያረጁት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና ፎቶ አታሚው ብቻ ናቸው። ልጅቷም ባሏም እዚያው ካርታ ይስላሉ። ባልየው የሟቹ ምክትል ነው፤ ማንም ያላየውን ትልቅ የወንዝ ሸለቆ አገኘ ተብሎ ስሙ የገነነ ሰው።

መጀመሪያ የተጠየቀው አታሚው ነው።

«አዲሱን ፎቶ አትሜ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩላቸው። ገና ማንም አላየውም ነበር። እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው።»

ልጅቷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ሻይ ይዤለት ገባሁ። ከኋላው ቆሜ ፎቶውን አየሁት። ጉድጓዶች፣ በመካከላቸው ደግሞ ረጅም ጋራ። አባዬ ‹ባልሽን ጥሪልኝ› አለኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም።»

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት። ሥራ ስለበዛበት በር ላይ ሰላም ብሎት እንደተመለሰ ነገረኝ።»

ምክትሉ አንገቱን እንደደፋ ነው የመለሰው።

«በሩ ላይ ቆሜ ሰላም አልኳቸው፤ አልገባሁም።»

«ፎቶውን አዩት?»

«ከሩቅ። የኔ ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙን ኮረብታ አጅቦታል።»

መርማሪዋ ተነሣች። ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ በሩ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ፎቶው ላይ ጉድጓድ አየች። ጠረጴዛውን ዞራ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ጉድጓዶቹ ሁሉ ኮረብታ ሆነው ተነሡ። ዓይኗን አሸት አደረገች። ተመልሳ ዞረች፤ እንደገና ጉድጓድ።

«ማርስም ሰው እያየች ትለዋወጣለች» አለች ለራሷ።

ሦስቱንም ጠርታ ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«እኔ ካርታ አላውቅም፤ ስሳሳት አርሙኝ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ እዚህ ፎቶ ላይ ብርሃኑ የመጣው ከላይ በኩል ነው። ዓይናችን ደግሞ ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚያምነው። ፎቶውን በግልባጭ ያየ ሰው ጥላው ያታልለዋል፤ ጉድጓዱ ኮረብታ፣ ጋራው ሸለቆ ይመስለዋል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው።»

«ፎቶው ደግሞ ተለጥፏል፣ አይዞርም። ከወንበሩም ከበሩም ያየ ሰው የሚያየው ጉድጓድ ነው። ኮረብታ የሚያየው መስኮቱ ጋ የቆመ ብቻ ነው። ብልቃጡ አጠገብ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ስምዎ የገነነበት ሸለቆ ጋራ ነው። የሳሉት ከተገለበጠ ፎቶ ነው። አማትዎ የጠሩዎት ይህንኑ ሊነግሩዎት ነበር።»

ምክትሉ ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ሸሸ።

«‹ዞረህ ከዚህ እየው፣ ልጄ› አሉኝ። አልዞርም አልኩ። ተጨቃጨቅን፣ ደረታቸውን ያዙ። ብልቃጡን ከፈትኩት... ‹መጀመሪያ ሸለቆ ነው በሉኝ› አልኳቸው።»

ሚስቱ ፈዛ አየችው። «አለልህ?»

«አሉ። ‹ሸለቆ ነው› አሉ። በራሴ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኪኒኑን ላቀብላቸው ስል ግን ተደፍተዋል። ብልቃጡን መልሼ አስቀመጥኩት።»

አታሚው የሚያይበት ጠፍቶት ጫማውን ያያል።

«እናቴ ልትሞት ስትል እንኳን አባዬ ‹ትድናለች› ብሎ አላባበለኝም» አለች ልጅቷ። «አንተ ግን የመጨረሻ ቃሉን ውሸት አደረግክበት።»

ምክትሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ስታስወጣው ቀና ብሎ ማንንም አላየም።