ጎተራው ላይ የተቸነከረው ሳህን

በእኛ አገር፣ አሜሪካ ውስጥ ባሉት በኦዛርክ ኮረብቶች፣ ኅዳር ሲገባ ሰው ሁሉ አጋዘን አዳኝ ነው። ጠመንጃ የሰለቸው ሽጉጥ ይይዛል። ከቅርብ ማደን የበለጠ ጀግንነት ነው ይላሉ። እውነት ከቅርብ ቢያድኑ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ።

ጎረቤቴ ሎይድ ክራብትሪ ሽጉጥ ያነሳው ለጉራ አልነበረም። አባቱ ቨርጂል ሲያርፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያደኑበትን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ተዉለት። የእንጨት እጀታው እሳቸው በሚይዙበት በኩል ተልጦ ነበር። ሎይድ ጣቶቹን እዚያ ሲያሳርፍ የአባቱን እጅ የጨበጠ ይመስለው ነበር። ምኞቱ አንድ ነው፤ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ዛፍ ሥር፣ በዚያው ሽጉጥ አንድ አጋዘን መጣል።

ክረምቱን ተኩስ ሜዳ ከረመ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ አፈሙዙን አሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ፣ በሰማንያ እርምጃ የወረቀት ዒላማውን ይበሳ ጀመር። አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያላጨበጨቡት አክስቱ ኦፓል ብቻ ናቸው፤ አርባ ዓመት በሽጉጥ ያደኑ ሴት።

"ጫካም ጠረጴዛ ተሸክመህ ልትሄድ ነው?" አሉት።

"ወረቀቱን አላየሽም እንዴ፣ አክስቴ?"

"አየሁት። ወረቀት አይደማም። መሬት ተቀመጥ፣ ክንድህን ጉልበትህ ላይ አድርግ፣ ስድስቱንም ጥይት የወረቀት ሳህን ውስጥ የምታስገባበትን ርቀት ፈልግ። ያንተ ርቀት እሱ ነው። አባትህ ጎተራው ላይ ሳህን የቸነከረው ለጌጥ መሰለህ?"

ሎይድ ሳቀ። አባቱ በብዙ ኅዳር ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቅ ነበርና እኛም ሳቅን።

ኅዳር ደረሰ። አጋዘኑ በሰማንያ እርምጃ ቆመ፤ ሎይድ ተኮሰ። መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያለ ጠረጴዛ፣ ያለ አሸዋ ከረጢት። ጥይቱ አጋዘኑን ሆዱ ላይ መታው። ደሙን ተከትለን እስከ ቀትር ሄድን፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ጠፋብን። ያ እንስሳ የት እንደወደቀ፣ ስንት ቀን እንደተሰቃየ የሚያውቅ የለም። እናንተ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ የምትፎክሩ፣ ይህ የእናንተ ጀግንነት ነው። እኛ አጨብጫቢዎችም ከዚያ ደም አልነጻንም።

ሎይድ ከዚያ ወደ ጎተራው ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ያልፍ የነበረውን ሳህን አወረደ። ስድስት ቀዳዳ፤ ከሥሩ በአባቱ በቨርጂል እጅ በእርሳስ የተጻፈ "30"። የዕድሜ ልክ አዳኝ፣ ሠላሳ እርምጃ።

ዓመቱን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ተለማመደ። የሎይድ ሳህን "20" ይላል።

ዘንድሮ እዚያው ዛፍ ሥር ትልቅ ወንድ አጋዘን በአርባ እርምጃ መጣለት። ፍሬ ለቀመ፣ ቀና ብሎ አየው፣ ሄደ። ሎይድ ሽጉጡን ከአፎቱ አላወጣም።

"አባቴ ባዶ እጁን ሲመጣ አፍርበት ነበር" አለኝ በኋላ። "ስንቴ እንዲህ ቁጭ ብሎ አጋዘን እንደሸኘ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?"

ሽጉጥ ይዛችሁ ለማደን የምትጀምሩ ሁሉ፣ መጀመሪያ ሳህናችሁ ላይ ቁጥራችሁን ጻፉ። ከዚያ ቁጥር አልፎ የቆመ እንስሳ የእናንተ አይደለም።

ሎይድ ያን ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ ኦፓል በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ባዶ እጁን አዩ።

"ከሩቅ ሳይህ" አሉት፣ "ቨርጂል የመጣ መስሎኝ ነበር።"